ጊታሩን ከመሸጣችሁ በፊት ክፈቱት

ነገሬን ከአንድ ቅዳሜ ምሽት ልጀምር። ቦታው አዲስ አበባ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ የምሽት ክበብ ነው። መድረኩ ላይ አምስት ሰዎች አሉ፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ጊታርና ድምፃዊት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ድምፃዊቷ ትዝታ ጀመረች። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሳ ዐይኗን ጨፈነችና ትንፋሽ ወሰደች። ትዝታ የሚወድ ሰው ያቺን ቅጽበት ያውቃታል። ብርጭቆ ያነሣ እጅ ከአፍ ሳይደርስ አየር ላይ የሚቀርባት ቅጽበት ናት። በዚያች ጸጥታ መሐል ከጊታሩ አምፕሊፋየር ውስጥ እንደ ተነካ ቀፎ የሚተም ድምፅ ወጣ። «እዝዝዝዝ…» ጊታረኛው እየመታ አልነበረም። እሱም እንደ እኛው እጁን ሰብስቦ እያዳመጠ ነበር። ሳይመታ የሚጮኸው ጊታሩ ነበር።

በእረፍት ሰዓት የቤቱ ባለቤት ወደ መድረኩ ጠጋ አለና፣ «ወንድሜ፣ ይኽን ንብህን ሰብስብልኝ፤ ሰው የሚከፍለኝ ለሙዚቃ ነው» አለው። በሳምንቱ ብሄድ ጊታረኛው የለም። የጊታሩ ድምፅ ግን ነበረ፤ ከኪቦርዱ ውስጥ እየወጣ። እንደ ጊታር ለመሆን የሚጣጣር፣ ግን ትንፋሽ የሌለው ድምፅ።

ጊታረኛው አብሮ አደጌ ነው። በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ጊታሩን ከነሻንጣው በሩ አጠገብ አቁሞታል።

«ልሸጠው ነው» አለኝ። «በቃው። አርጅቷል።»

«ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ምኑን?»

«ጊታሩን ነዋ!»

ትክ ብሎ አየኝ። «ጊታር ይከፈታል እንዴ?» አለ።

ይኽ ሰው አሥራ አራት ዓመት ጊታር የተጫወተ፣ በጊታሩ ልጅ ያሳደገ፣ የቤት ኪራይ የከፈለ ሰው ነው። የእንጀራ ገመዱ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን አላየም። እነሆ ይኽን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄው ነው። ጓደኛዬን ለመውቀስ አይደለም። እሱን መሰሎቹ ብዙ ናቸውና። እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ሙግቴ ከሦስት ሰዎች ጋር ነው። አንደኛው «ጊታር ጩኸታም ነው፤ ኪቦርድ ይበቃል» የሚለው የቤት ባለቤት ነው። ሁለተኛው «አዲስ ግዛ፣ ውድ ግዛ» የሚለው መካሪ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው «ኦሪጅናል አይነካም» እያለ ጊታሩን እንደ ታቦት የሚፈራው ሙዚቀኛ ነው። ሦስቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ጩኸቱን የጊታሩ ተፈጥሮ አድርገው ያዩታል። እኔ ደግሞ ጩኸቱ የጊታሩ ሳይሆን የቸልታችን ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮ ፒክአፕ የሚሉት ነገር ነው። ፒክአፕ ማግኔት ነው። በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ማግኔቱ ላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩም ያንን አጉልቶ ያሰማናል። ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ ይኽ ጆሮ የሚሰማው ክሩን ብቻ አለመሆኑ ነው። በሺዎች ዙር የተጠመጠመ ሽቦ አንቴናም ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን መብራት፣ ከራስጌ የተሰቀለውን ፍሎረሰንት፣ የቡና ቤቱን ማቀዝቀዣ፣ የመድረኩን መብራት የሚያደበዝዘውን ዲመር፣ ሁሉንም ይሰማል። የሰማውንም ሁሉ ሳይመርጥ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል።

አሁን አንድ አስገራሚ ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በሴኮንድ 49 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሙዚቀኞች ሶል የሚሉት ወፍራም ኖታ ነው። እንግዲህ ግድግዳችን ውስጥ ያለው መብራት ሌት ተቀን አንድ ኖታ ይዘፍናል ማለት ነው፤ ያውም ከሶል ጥቂት ከፍ ያለ፣ ከቅኝት የወጣ ሶል። ከሱም ጋር 100ኛው፣ 150ኛው እየተደራረበ ይከተላል። አሜሪካ ያሉ ሀበሻ ሙዚቀኞች ጋ መብራቱ በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ የነሱ እንግዳ ዘፋኝ በሲ ቤሞልና በሲ መካከል የሚዋልል ነው። የኛው ባንድ አምስት ሰው መስሎን ነበር፤ ለካ ስድስተኛ አለበት። ማንም ያልቀጠረው፣ ልምምድ ያልመጣ፣ ዘፈኑ በየትኛውም ቁልፍ ይሁን የራሱን ሶል የማይለቅ ስድስተኛ።

«ታዲያ ምን አለበት? የውጭዎቹ የሮክ ጀግኖች ከነጩኸቱ አይደል እንዴ ዓለምን ያንቀጠቀጡት?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ሮክ ድምፁ ወፍራምና ያልተቋረጠ ነው። ጩኸቱን በጩኸት ይሸፍነዋል። የኛ ትዝታ፣ የኛ ባቲ፣ የኛ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን የሚኖሩት በአምስት ድምፆችና በመሐላቸው ባለው ዝምታ ነው። ዘፋኙ አንድ ቃል ይላል፤ ዝም ይላል። ጊታሩ ይመልስለታል፤ ዝም ይላል። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የወጡትን የሮሃ ባንድ ካሴቶች ያዳመጠ ሰው የሰላም ሥዩም ጊታር ከዘፋኙ ጀርባ እንዴት እንደሚመልስ፣ መቼም እንዴት ዝም እንደሚል ያውቃል። ያ ዝምታ የዜማው አካል ነው። ዝምታው ውስጥ «እዝዝ» ሲገባበት የተበላሸው የድምፅ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ዜማው ራሱ ነው።

«የራሳችን በገናስ ይዝ የለም ወይ?» ብሎ የሚሞግተኝ ብልህ አንባቢ ይኖራል። አዎን፣ በገና ይዛል። የበገናን አሥር ክሮች ከበርኩማው ጋር በሚያገናኛቸው ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያን ሆድ የሚያባባ ዝንታ የምትሰጠው እሷ ናት። ግን ልብ በሉ፤ በገና ደርዳሪው እንዚራዋን አንድ በአንድ፣ ለየክሩ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ እያለ ያስተካክላታል። ዝንታው እስኪጥመው ድረስ አይደረድርም። ያ የተመረጠ ድምፅ ነው። ክሩን ሲነካ ይመጣል፤ ክሩ ሲያርፍ ያርፋል። የጓደኛዬ ጊታር ጩኸት ግን ማንም አልመረጠውም፤ ክሩም ሲያርፍ አያርፍም። አባቶቻችን ለአንዲት የቆዳ ቁራጭ ያን ያህል ከተጨነቁ፣ እኛ የጊታራችንን ሆድ አንድ ጊዜ ከፍተን ለማየት ምን ያዘን?

ከፈትነው። ጓደኛዬን በግድ ጎትቼ ሠፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ወደሚጠግኑ አንድ አዛውንት ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ጊታር ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ጊታር አላውቅም፤ ሽቦ ግን አውቃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጊታር ጥገና ከሰማሁት ሁሉ የላቀ ንግግር ይኽ ነው።

ጊታሩ የስትራቶካስተር ቅጂ ነው፤ ባለ ሦስት ነጠላ ፒክአፕ። ክሮቹን አላልተን፣ የፊት ላስቲኩን የያዙትን አሥራ አንድ ብሎኖች ፈታን። ውስጡ ባዶ እንጨት ነው። የተጠላለፈ ሽቦ አለ። አዛውንቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይኽ ቤት ጣሪያ የለውም» አሉ። ከዚያ ቴስተራቸውን አነሡ። አንዱን ጫፍ ክሮቹ በሚያርፉበት ብረት ላይ፣ ሌላውን በኬብል መሰኪያው ውጨኛ ብረት ላይ አደረጉ። ሁለቱ መገናኘት ሲገባቸው አልተገናኙም። ክሮቹን ከመሬት መስመሩ ጋር የምታያይዘው አንዲት ቀጭን ሽቦ ተበጥሳለች። መቼ እንደተበጠሰች እግዜር ይወቅ። ምናልባት የግማሹ ጩኸት ምክንያት እሷ ነበረች፤ ዋጋዋም አንዲት ጠብታ ብየዳ ነው።

ቀጥሎ ጣሪያውን ሠራንለት። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1836 ዓ.ም. ዙሪያውን በብረት የተሸፈነ ክፍል ውስጥ የውጭ ኤሌክትሪክ እንደማይገባ አሳይቷል። እኛም ለጊታሩ ሆድ ትንሽ የብረት ክፍል ሠራንለት ማለት ነው። በውጭ አገር ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ባለ ሙጫ የመዳብ ወረቀት አለ፤ የሚቀባ ጥቁር ቀለምም አለ። እኛ ግን ምናለሽ ተራ ወርደን ከአሮጌ ትራንስፎርመር የወጣ ስስ የመዳብ ቅጠል አገኘን። በመቀስ ቆረጥነው። በጫማ ሠሪ ማስቲሽ ከእንጨቱ ግድግዳና ወለል ጋር አጣበቅነው። ከፊት ላስቲኩ በስተጀርባም ለጠፍንበት። ማስቲሽ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ አንዱን ቅጠል ከሌላው ጋር በየመጋጠሚያው በየድነው። በመጨረሻም ሁሉንም ከመሬት መስመሩ ጋር አያያዝነው። አዛውንቱ በቴስተሩ ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሹት። አንድም የተነጠለ ቅጠል ካለ ያው አንቴና ነውና። መዳብ ያጣ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን የአሉሚኒየም ወረቀት ሊጠቀም ይችላል፤ አሉሚኒየም ብየዳ ስለማይቀበል ግን በብሎን አጥብቆ ማያያዝ አለበት።

ክሮቹን መልሰን አጠበቅን። ኬብሉን ሰካን። አምፕሊፋየሩን አበራን። ጸጥ! ጓደኛዬ ፊቱ በራ። ክሩን መታ። እሱም ጸጥ! ጩኸቱም የለ፣ ጊታሩም የለ። ሦስታችንም ተያየን። እውነቱን ልናገርና ጥፋቱ የኔ ነበር። የኬብል መሰኪያውን ስመልስ ድምፅ የምታመጣው ጫፍ አዲሱን መዳብ ነክታለች። ጊታሩን ከነዘፈኑ ወደ መሬት ቀብሬው ነበር። አዛውንቱ ሳይቆጡ ከፍተው፣ በዚያ ቦታ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፈውበት ዘጉት። ይኽን የምነግራችሁ እናንተም እንዳትደነግጡ ነው። ከሸፈናችሁ በኋላ ጊታሩ ድዳ ከሆነ አልሞተም፤ የሆነ ቦታ ላይ መዳቡን ነክቷል።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ጓደኛዬ የትዝታን መግቢያ ተጫወተና እጁን አነሣ። የሱቁን ሰዓት «ቀጭ ቀጭ» ሰማሁ። ያ ሰዓት ቀድሞም ግድግዳው ላይ ነበረ፤ ያኔ ግን ሲጮህ የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ሳልሸራርፍ መናገር አለብኝ። መዳብ ሁሉን አይከላከልም። ከፍሎረሰንቱና ከሽቦው የሚመጣውን ሰንጣቂ «እዝዝ» ይይዛል። ከትልልቅ ትራንስፎርመሮች የሚመጣውን ማግኔታዊውን ወፍራም «እምምም» ግን ስስ መዳብ አያስቆመውም። ጓደኛዬ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ሲቆም ጥቂት ይሰማል፤ ዘወር ሲል ይጠፋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ነው። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አጠማጥሞና ማግኔታቸውን ገልብጦ አንድ ላይ አጣመራቸው። ከውጭ የመጣው ጩኸት በሁለቱ ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሃምበከር የሚሉት እሱ ነው። ባለ ሦስት ነጠላ ፒክአፕ ጊታር ላይም የመሐለኛው ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠመጠመና ማግኔቱ የተገለበጠ ከሆነ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ሲሠራ ያንኑ ያደርጋል። እንግዲህ «ሸፍነው፣ ሁሉ ነገር ይድናል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሱም ሻጭ ነው፤ አትስሙት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ባለጋራዬ ልመለስ። «ኦሪጅናል አይነካም!» ይለኛል። ኧረ ለመሆኑ ኦሪጅናል ማለት ምን ማለት ነው? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በስልሳዎቹ የተሠሩትን፣ ዛሬ በወርቅ ዋጋ የሚሸጡትን ስትራቶካስተሮች ብትከፍት ከፊት ላስቲኩ ኋላ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል ታገኛለህ። ያንን ያስገባው የሠፈር ጠጋኝ አይደለም፤ ፋብሪካው ነው። የቴሌካስተር የአንገቱ ፒክአፕ በብረት ክዳን የተሸፈነው ለጌጥ ብቻ ይመስልሃል? ሠሪዎቹ ራሳቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከዚህ ጩኸት ጋር ሲታገሉ የኖሩ ናቸው። አንተ የምታመልከው ኦሪጅናል የሠሪውን ትግል ሳይሆን የርካሹን ቅጂ ጉድለት ነው። እርግጥ ነው፣ እጅህ ላይ በእውነት ብርቅዬ፣ ታሪክ ያለው መሣሪያ ካለ ቀለም አትቀባው፣ አትፈልፍለው። ግን ስንቶቻችን ነን ያን የታደልን? የአብዛኞቻችን ጊታር በሻንጣ ከዱባይ የመጣ፣ ሠሪው ያልጨረሰው ጊታር ነው። መጨረሱ የኛ ድርሻ ነው።

«መዳቡ ድምፁን ያፍነዋል፣ ቀጭኑን ይቆርጠዋል» የሚለው ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። ፒክአፑ ጥግ ድረስ በመዳብ ቢታጠር ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ይቀንሳል። ሆኖም ከዚያ ይልቅ ቀጭኑን የሚወስዱት ረጅምና ርካሽ ኬብል፣ ያረጀ ክርና ያልተገባ የድምፅ መቆጣጠሪያ ናቸው። ለነጠላ ፒክአፕ የተለመደው 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ ነው። ሃምበከር ላይ 250 ቢገጠም ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ጓደኛዬ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ይደበዝዝበት ለነበረው ችግር ደግሞ መቆጣጠሪያው ላይ አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታህል ካፓሲተር በቃችው።

ድምፁ ከተስተካከለ በኋላ ስለ አጨዋወቱ እናውራ፤ ንጹሕ ድምፅ የሚያሳምም ጊታር ላይ ዋጋ የለውምና። የኛ ዜማ ጣት የሚያርገበግብ፣ አንዱን ድምፅ ወደ ሌላው የሚያንሸራትት ዜማ ነው። ክሩ ከአንገቱ እንደ ስልክ ሽቦ ከፍ ብሎ የተሰቀለበት ጊታር ላይ ማን ይሆን ጣቱን የሚያርገበግበው? በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከወፍራሙ ክር ሥር ወደ 2 ሚሊ ሜትር፣ ከቀጭኑ ሥር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ለብዙ ሰው ይመቻል። የጓደኛዬ ከ3 ያልፍ ነበር። አሥራ አራት ዓመት በጣቱ ሲታገል የኖረው ከጊታሩ ጋር ሳይሆን ከዚያች ልዩነት ጋር ነው። አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት የምታስተካክል ሰው ግን ቀስ በል። ሩብ ዙር ዙርና ተወው፤ እንጨቱ ይረጋ። የአዲስ አበባ በጋ እንጨቱን አድርቆ የፍሬቶቹን ጫፍ እንደ መጋዝ ያወጣዋል፤ ክረምቱ ደግሞ መልሶ ያብጠዋል። ጊታር በዓመት ሁለት ጊዜ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ቃናውንም ፈትሹ። ክሩን በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በጣት ነካ ብቻ አድርጋችሁ የምታገኙት ድምፅና እዚያው ላይ ተጭናችሁ የምታገኙት ድምፅ እኩል ካልሆነ ታች ያለው የክሩ ማረፊያ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። የተጫኑት ከፍ ካለ ክሩ ይርዘም፤ ዝቅ ካለ ይጠር። ይኽን ሥራ በጠመንጃ መፍቻና በመቃኛ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰው ሰው ዕድሜ ልኩን «ይኽ ጊታር አንቺሆዬ አይወጣለትም» ይላል። አንቺሆዬ እምቢ ያለው ጊታሩ አይደለም።

አናቱ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ጥርሳም ቁራጭ ነገር ደግሞ እዩ። ርካሽ ጊታር ላይ ከውስጡ ክፍት የሆነ ላስቲክ ነው። ጥሩ ጊታር ላይ አጥንት ነው። አዎን፣ የበሬ አጥንት! በዓል በመጣ ቁጥር ቅልጥም ሰብረን የምንጥል ሕዝብ ለጊታራችን ላስቲክ ከውጭ እናስመጣለን። ተቀቅሎ ስቡ የወጣለት፣ በደንብ የደረቀ አጥንት በሞረድ ተስተካክሎ፣ ጎድጎዶቹ በክሩ ልክ ሲወጡለት ክሩ አይያዝም፤ ቅኝቱም በየዘፈኑ አይሸሽም። ማበጠሪያና ጌጥ ከቀንድና ከአጥንት የሚሠሩ እጆች ባሉበት አገር ይኽን የሚሠራ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው።

ለሁለተኛው ባለጋራዬ፣ ለ«አዲስ ግዛ» ባዩ፣ ያለኝ መልስ አጭር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ይኽን ሁሉ ሠርተን ያወጣነው ገንዘብ ከአንድ ጥሩ የጊታር ክር ጥቅል ዋጋ ብዙም አልዘለለም፤ አዛውንቱ ከጓደኛዬ ዘፈን በቀር ሌላ ክፍያ አልቀበልም ስላሉ። አዲስ ጊታር ቢገዛም ያው ነጠላ ፒክአፕ፣ ያው ባዶ እንጨት፣ ያው መብራት ነው የሚጠብቀው። ንቡ ቀፎ ለወጠ እንጂ አልሞተም።

አንድ ነገር ግን በቀልድ የማላልፈው አለ። ጩኸት ለመቀነስ ብለው የአምፕሊፋየሩን ሶኬት የመሬት እግር የሚቆርጡ አሉ። ጩኸቱ ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ክሮቹ ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። አንድ ቀን አንዱ ሽቦ ሲበላሽ 220 ቮልቱ መንገድ የሚፈልገው በሙዚቀኛው ጣት፣ ከዚያም ማይክራፎኑን በነካ ከንፈሩ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታረኛ ሌስ ሃርቪ መድረክ ላይ የመሬት መስመር የሌለውን ማይክራፎን ነክቶ ሞቷል። በተመልካች ፊት። ስለዚህ ጩኸትን ከጊታሩ ሆድ አውጡት እንጂ ከሶኬቱ እግር አትቁረጡት። የምሽት ቤት ባለቤቶችም ስሙኝ፤ መድረካችሁ ላይ ያለው ሶኬት መሬት መስመር እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስፈተሽ ለሙዚቀኛው ውለታ መዋል አይደለም፤ ነፍስ ነው።

የቀረኝ የመጀመሪያው ባለጋራዬ ነው። ለሱ በኪቦርድ ላይ ጠላትነት እንደሌለኝ ልንገረው። ኪቦርድ ተጫዋች እንጀራውን ይብላ፤ ሙያውም ሙያ ነው። ግን ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ጊታር አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ የመታውን የሚደግም የታሰረ ጊታር ነው። ድምፃዊቷ ትንፋሽ ስትወስድ አብሯት ትንፋሽ አይወስድም። አንተ፣ የቤቱ ጌታ፣ ያባረርከው ጩኸት የራስህ ዲመርና የራስህ ማቀዝቀዣ ነበር። ጊታሩ የቤትህን ምሥጢር ስለተናገረ ነው የተባረረው።

ጓደኛዬ ጊታሩን አልሸጠም። ያን የተሸፈነ ጊታር ይዞ ወደዚያ ቤት ሄደ። ባለቤቱ ቆሞ አዳመጠው፤ ጸጥታውንም ሰማው። «ጥሩ ሆኗል፤ ግን ቦታው ተይዟል» አለው። ነገሩ በድል ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ አላለቀም። አሁን በሠርግና በልደት ይጫወታል፤ ሁለት ልጆችም ያስተምራል። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጠመንጃ መፍቻ ይሰጣቸውና «ክፈቱት» ይላቸዋል። አንደኛዋ ልጅ ባለፈው ሳምንት የራሷን ጊታር ፈትታ የተበጠሰ ሽቦ አግኝታ መጣች። አሥራ አራት ዓመት አልፈጀባትም፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቃት።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እስካሁን ጊታሩ በባለቤቱ ፈንታ ሲጮህ ኖሯል። ከእንግዲህ እሱ ዝም ይበልና እኛ እንጩህ። ጊታራችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ክፈቱት።